ርካሹን ጆንያ ከመጫናችሁ በፊት፦ ኬሚካል ወደ እንቁላልና ወተት የማያሻግር መኖ እንዴት እንምረጥ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ መኖ ከምገዛበት ሰፈር አንድ ነጋዴ ጠራኝ። ከሱቁ ጓሮ ወሰደኝና የአንድ ሰማያዊ በርሜል ክዳን ከፈተልኝ። ውስጡ ጠቆር፣ ወፈር ያለ ዘይት ነበር። «መኖው ላይ ትንሽ ትንሽ ጠብ ታደርጊበታለሽ፤ ዶሮው ቶሎ ይወፍራል» አለኝ። ዋጋው የምግብ ዘይት ዋጋ ሩቡን አይሞላም። ከየት ነው? ስለው «ከሆቴል፤ የተጠበሰበት ነው» አለ። ከየትኛው ሆቴል? ዝም። በርሜሉ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ነጭ ጭረት ብቻ ቀርቷል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። የቆየ ዘይት ሸተተኝ፣ ሌላ ምንም።

ያን ዘይት ያልገዛሁት ቤልጂየም ውስጥ የሆነውን ስለማውቅ ነው። በጃንዋሪ 1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚያ አገር ያገለገለ ቅባት የሚሰበሰብበት ታንክ ውስጥ የትራንስፎርመር ዘይት ገባ። በዘይቱ ውስጥ 50 ኪሎ ያህል ፒሲቢ ነበር፤ ድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገባ የፋብሪካ ኬሚካል ነው። ከእሱ ጋር አንድ ግራም ገደማ ዳይኦክሲን፣ ነገር ሲቃጠልና ኬሚካል ሲመረት ሳይታሰብ የሚፈጠር መርዝ። አንድ ግራም ማለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሩቡ ነው። ቅባቱ ለመኖ ፋብሪካዎች ተሸጠ፣ 500 ቶን ያህል መኖ ውስጥ ተደባለቀ፣ መኖው ደርሷቸው ይሆናል ተብለው የተጠረጠሩት እርባታዎች ከ2,500 በለጡ። በፌብሩዋሪ ዶሮ አርቢዎች ግራ ገባቸው። እንቁላል ይቀንሳል፣ የታቀፈው አይፈለፈልም፣ የተፈለፈለው ጫጩት ያብጥና ይሞታል። ሕዝቡ የሰማው በሜይ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ እንቁላሉም ዶሮውም ተበልቷል። የጤናና የግብርና ሚኒስትሮቹ ሥራቸውን ለቀቁ፣ በጁን በተደረገው ምርጫም መንግሥቱ ወደቀ፣ 7 ሚሊዮን ያህል ዶሮ ተወገደ። ይህ ሁሉ ከአንድ ታንክ ቅባት።

እኔ 180 እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና ሁለት ላሞች አሉኝ። እንቁላሉን የሚወስዱት አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው የሰፈር እናቶች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ አንገብጋቢ ሆኖብኛል። መኖ ስናማርጥ ዋጋና ፕሮቲን እንጠይቃለን። ከየት መጣ፣ በምን ደረቀ፣ በምን ተጫነ የሚለውን ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ከታች የጻፍኩት አማራጮችን በዚህ ዓይን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው።

መጀመሪያ የነዚህን ነገሮች ጠባይ እንወቅ

ዳይኦክሲንና ፒሲቢ ስብ ይወዳሉ። ውሃ ውስጥ አይሟሙም፣ እንስሳውም በሽንት አያወጣቸውም። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየሆኑ ስቡ ውስጥ ይጠራቀማሉ። የሚወጡት ስብ በሚወጣበት በኩል ነው፦ በላም ወተት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በምታጠባ እናት ጡት። ላሟ ጤነኛ መስላ ወተቷ የሚበከለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ከሚደርስበት ዳይኦክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በምግብ የሚገባ ነው፤ በተለይ በሥጋ፣ በወተትና በዓሣ። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ እንዲወጣ ብቻ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ብትቀቅሉትም ብትጠብሱትም አይጠፋም። እሱን የሚያጠፋው ከ850 ዲግሪ በላይ የሆነ እሳት ነው፤ ምድጃችን እዚያ አይደርስም።

መጠኑን ለመገመት አንድ ስሌት ልንገራችሁ። የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ለሰው የፈቀደው በሳምንት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2 ፒኮግራም ነው። ፒኮግራም ማለት አንድ ግራም ለትሪሊዮን ተከፍሎ አንዱ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 120 ፒኮግራም ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ግራም ዳይኦክሲን ከ8 ቢሊዮን በላይ ለሆነ ሰው የአንድ ሳምንት ገደቡን ይሞላል። የዓለም ሕዝብ ሙሉ። ስለዚህ «ትንሽ ብትገባ ምን ታመጣለች» የሚለው አነጋገር እዚህ ቦታ የለውም።

እርሳስና ካድሚየም የተባሉት መርዛማ ብረቶች ጠባያቸው ሌላ ነው። እርሳስ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ካድሚየም ኩላሊትና ጉበት ይመርጣል። ፒፋስ የሚባሉት፣ ለማይጣበቅ መጥበሻና ለእሳት ማጥፊያ አረፋ ሲያገለግሉ የኖሩት ኬሚካሎች ደግሞ ከስብ ይልቅ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃሉ፤ ደም፣ ጉበትና አስኳል ውስጥ ይገኛሉ። ይህን የምለው ለምርጫ ስለሚጠቅም ነው። ሥጋው ላይ ስብ ብትቀንሱ ዳይኦክሲኑ ይቀንሳል፤ ካድሚየሙን ግን አይነካውም።

ቅባት ያለው መኖ ወይስ የሌለው?

እውነቱን ለመናገር ቅባት ጥቅም አለው። ጉልበት ይሰጣል፣ የመኖውን አቧራ ይይዛል። ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚጨምሩትም ለዚህ ነው። ግን በመኖ ታሪክ ውስጥ ከባዱ ጥፋት ተደጋግሞ የመጣው በቅባት በኩል ነው። በ1957 አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች ያለቁት መኖአቸው ውስጥ በገባ መርዛማ ቅባት ነው። ከቤልጂየም 12 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2011፣ ጀርመን ከ4,700 በላይ እርባታዎች የዘጋችው ለኢንዱስትሪ ብቻ የሚሆን ፋቲ አሲድ ከመኖ ቅባት ጋር ስለተቀላቀለ ነው። ጀርመን ቁጥጥር የላላበት አገር አይደለም።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ኬንያ ውስጥ ሌቦች ከመብራት ኃይል ትራንስፎርመር ዘይት እየቀዱ ለመጥበሻ ሲሸጡ እንደነበር በዜና ወጥቷል። ትኩስ ድንች ከተጠበሰበት የተረፈው ደግሞ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ስለዚህ ለትንሽ አርቢ ምክሬ አጭር ነው። ራሳችሁ የምትቀላቅሉ ከሆነ ቅባት አትጨምሩ፤ ጉልበቱን ከበቆሎ አግኙት። ዶሮው በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ይዘግይ። የፋብሪካ መኖ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ «ቅባት አለው? የምን ቅባት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአኩሪ አተር ወይም የፓልም ዘይት ነው ብሎ በጽሑፍ የሚሰጣችሁና «ያው ቅባት ነው» የሚላችሁ ሻጭ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በኩንታል ቢወደድም የሚገዛው እሱ ነው። በበርሜል የሚሸጥ፣ ስም የሌለው ቅባት በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ።

የዳቦ ትራፊ፦ በፀሐይ ወይስ በእሳት የደረቀ?

የዳቦ ቤት ትራፊ እወዳለሁ። ርካሽ ነው፣ ላም ትወደዋለች። ከሰፈራችን ዳቦ ቤት በጆንያ አምጥቼ ራሴ ሸራ ላይ አሰጣዋለሁ።

የደረቀና የተፈጨ ሲመጣ ግን ጥያቄ አለኝ። በዲሴምበር 2008 አየርላንድ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የታረደውን የአሳማ ሥጋዋን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበች፤ ለገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ምክንያቱ የዳቦ ትራፊ ነው። አንድ መኖ አቀነባባሪ ትራፊውን ሲያደርቅ የእሳቱ ጭስ በቀጥታ ምግቡ ላይ ያልፍ ነበር፤ የሚነደው ዘይት ደግሞ ፒሲቢ ነበረበት። ዳቦው ራሱ ምንም አልነበረበትም። ያጠፋው ማድረቂያው ነው።

እኛ አገር በእሳት የሚያደርቁ ሰዎች ምን ያነዳሉ? ያረጀ ጎማ፣ ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ከሆነ ጭሱ መኖው ላይ ያርፋል። በፀሐይ የደረቀውን ምረጡ። በክረምት ፀሐይ ከሌለ ትራፊውን ሳይሻግት ባለበት እርጥበቱ በዚያው ቀን መስጠት ይሻላል። የመጣበትን ፌስታል ደግሞ ልቀሙ፤ ላም ፌስታል ውጣ ስትሞት አይቻለሁ፣ ያ ለብቻው ጣጣ ነው።

ፋጉሎ፣ የዓሣ ዱቄት፣ የአጥንት ዱቄት

ከኢንዱስትሪ ኬሚካል አንፃር ብቻ ካያችሁት ፋጉሎ ያሸንፋል። ኑግ፣ ተልባ፣ አኩሪ አተር በምግብ ሰንሰለቱ ታች ያሉ ናቸው፤ ዳይኦክሲን የሚያጠራቅመው ስብ ያለው እንስሳ ነው። እሱን የሚበላው ደግሞ የተጠራቀመውን ጠራርጎ ይወርሳል። የዓሣ ዱቄት ለዚህ ነው አጠያያቂ የሚሆነው። የአውሮፓ ኅብረት ባለሙያዎች በ2000 የመኖ ዓይነቶችን ሲያወዳድሩ ከሁሉ በላይ የተበከለ ሆኖ ያገኙት ከአውሮፓ ባሕሮች የመጣ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ነው፤ ከፔሩና ከቺሊ የሚመጣው በጣም ያነሰ ነበር። ስለዚህ «የዓሣ ዱቄት» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ የየት ውሃ ነው? የአገር ውስጡንም ጠይቁ። ቆቃ የአዲስ አበባንና የሞጆን ፍሳሽ ይዞ የሚመጣው አዋሽ የሚገባበት ሐይቅ ነው።

ፋጉሎን ስመርጥ ግን ሌላ ጠላት አለ፤ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ፣ ከአውሮፓ የአፍላቶክሲን ገደብ ያላለፉት 9ኙ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመኖው ውስጥ ጣት የተቀሰረው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። አፍላቶክሲን የሻጋታ መርዝ እንጂ የፋብሪካ ኬሚካል አይደለም፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። ፋጉሎውን ሰብራችሁ እዩት፣ እርጥበትና አረንጓዴ ነገር ካለው መልሱት፣ በጥቂት ጥቂቱ ግዙ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዳይኦክሲን ሽሽት ወደ ሻጋታ እንዳንሮጥ።

የአጥንት ዱቄት ላይ ብዙ አልቆይም። እርሳስ የሚቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው ብያለሁ። ካልሲየሙን ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል።

የፋብሪካ ተረፈ ምርትና አተላ

የቢራ ጭቃ፣ ሞላሰስ፣ ፉርሽካ፣ የድንች ልጣጭ፣ የብርቱካን ጭማቂ ዝቃጭ፤ ሁሉም መኖ ይሆናሉ። ሁለት ታሪክ ብቻ። በ1998 ጀርመን ውስጥ የወተት ዳይኦክሲን ያለ ምክንያት መጨመር ጀመረ። ሲፈለግ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የብርቱካን ዝቃጭ ሆነ። ዝቃጩ ላይ የተጨመረው ኖራ የኬሚካል ፋብሪካ ቆሻሻ ነበር። በ2004 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ የድንች ጥብስ ፋብሪካ ድንቹን ለመለየት የሸክላ አፈር በውሃ በጥብጦ ይጠቀም ነበር፤ ከባዱ ድንች ይሰምጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል። አፈሩ በተፈጥሮው ዳይኦክሲን ነበረበት። ድንቹ ታጥቦ ለሰው፣ ልጣጩ ለላም ሄደ። ወተቱ ላይ ተገኘ።

ከዚህ የወሰድኩት ይሄ ነው፦ ተረፈ ምርት ስትገዙ ዋናውን ምርት አትጠይቁ፤ በመሐል ምን እንደተጨመረበት ጠይቁ። በዚህ መለኪያ የሰፈር ጠላ ጠማቂ አተላ ከማላውቀው ፋብሪካ ዝቃጭ ይበልጥብኛል። ገብሱን አውቃለሁ፣ ጌሾውን አውቃለሁ፣ ጋኑን አይቻለሁ። የአልሚ ምግብ መጠኑ ይዋዥቃል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ግን መንገዱ አጭር ነው። የቢራ ፋብሪካ ጭቃም ከፋብሪካው በር በቀጥታ ከተጫነ ጥሩ ነው። ሦስት ደላላ አልፎ ከመጣ አይደለም።

ኖራ፣ ጨው፣ ማዕድን፦ እና የሚሺጋኑ ከረጢት

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በኩንታል ውስጥ ሁለት ኪሎ ብቻ ነውና። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

በ1973 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሁለት ምርት ነበረው። አንዱ ኑትሪማስተር፣ ለላም የሚጨመር ማግኒዥየም ኦክሳይድ። ሌላው ፋየርማስተር፣ ፕላስቲክ እሳት እንዳይዘው የሚጨመር ፒቢቢ የሚባል ኬሚካል። ስማቸው ተቀራራቢ፣ መልካቸው ተቀራራቢ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ፋንታ ተጭኖ ባትል ክሪክ አጠገብ ያለ የመኖ ማቀነባበሪያ ሄደ። እዚያ ያሉት ሰዎችም ከረጢቱን ከፍተው ቀላቀሉት።

ሪክ ሃልበርት የሚባል ወተት አምራች ነበር፤ ገበሬ ከመሆኑ በፊት ኬሚካል ምሕንድስና ተምሯል። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ላሞቹ መኖውን እምቢ አሉ። ወተታቸው ወረደ፣ ሰኮናቸው ያለ ልክ አደገ፣ ፀጉራቸው ተነቀለ። ሰዎች አያያዝህ ነው አሉት። እሱ ግን መኖውን ለጥጆች ለብቻ ሰጥቶ አየ፤ ሞቱ። ከዚያ ናሙናውን ይዞ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ዞረ። ፒቢቢ መሆኑ የታወቀው በ1974 የፀደይ ወራት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚሺጋን ሕዝብ ወተቱን ጠጥቷል። 30,000 ያህል ከብትና 1.5 ሚሊዮን ዶሮ ተገድሎ ተቀበረ። ያኔ ወተቱን የጠጡትን ሰዎችና ልጆቻቸውን ተመራማሪዎች ከአርባ ዓመት በኋላም ይከታተሉ ነበር።

አሁን የኛን ገበያ ተመልከቱ። መኖው በ«ማዳበሪያ» ይመጣል። ጆንያውን ማዳበሪያ የምንለው እውነትም የማዳበሪያ ጆንያ ስለነበረ ነው። ትናንት ዩሪያ፣ ከትናንት ወዲያ ፀረ ተባይ የነበረበት ጆንያ ዛሬ ፉርሽካ ይዞ ይቆማል። እኔ አንዴ በቆሎ ገዝቼ ስገለብጠው ከታች ሮዝ ፍሬዎች ወጡ። የተቀባ ምርጥ ዘር ነው፤ ሮዙ ቀለም መድኃኒቱ ነው። ከመሬት ላይ አንድ በአንድ ስለቅም ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻም ኩንታሉን በሙሉ መለስኩት፤ ነጋዴው አኮረፈኝ፣ ያኩርፍ።

ምርጫው እንዲህ ነው። ለካልሲየም፦ ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም የራሳችሁ የታጠበና የተቆላ የእንቁላል ቅርፊት፤ የግንባታ ኖራ በጭራሽ። ጨው፦ ሰው የሚበላው ጨው ይበቃል። የከብት አፈር፣ ቦሌ የምንለው፦ አያቶቻችን ሲያልሱ የኖሩበት ቦታ ከሆነ ጥሩ፤ ከተማ ዳር ፋብሪካ ከተተከለ ወዲህ የተቆፈረ ከሆነ እኔ አልገዛም። «መርዝ ይመጥጣል» ተብሎ የሚሸጥ ሸክላ ካመጡላችሁ የምርመራ ወረቀቱን ጠይቁ፤ በ1997 አሜሪካ ውስጥ ዶሮና የእርባታ ዓሣ የተበከለው ከሚሲሲፒ የተቆፈረና መኖ እንዳይጓጉል የተጨመረ ሸክላ ውስጥ በነበረ ዳይኦክሲን ነው። ለሁሉም፦ አዲስ ጆንያ፣ የታተመ ስም፣ ያልተፈታ ስፌት። የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን መኖ ይቆጣጠራል፤ አምራቹን የብቃት ማረጋገጫህን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

የመንገድ ዳር ሣር ወይስ ከሩቅ የመጣ ድርቆሽ?

ድርቆሽ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በዋና መንገድ ዳር የሚታጨድ ሣር የጎማና የፍሬን ብናኝ፣ የድሮ ቤንዚን እርሳስም ከአፈሩ ጋር አለበት። አቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለው ደግሞ በበጋም አረንጓዴ ሆኖ ያማልላል። የወንዙ ውሃ ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሣሩን አጥባችሁ ከምትሰጡ ጭድና ፉርሽካ ጨምራችሁ ክፍተቱን ሙሉት። ባትሪ ከሚፈታበት፣ ብረት ከሚቀልጥበት፣ ኬብል ተቃጥሎ መዳብ ከሚወጣበት ሰፈር አጠገብ ከሆነ ደግሞ ሣሩን ተዉት።

ዶሮዋን ልልቀቃት ወይስ ልዝጋባት?

ይህ ጥያቄ ልብ ይከፍላል። የሀበሻ ዶሮ ጭራ የጣለችው እንቁላል ይጣፍጣል፣ አስኳሉ ቢጫ ነው፣ ደንበኛም ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ዶሮዋ ስትጭር አፈሩንም ትበላለች፤ በቀን ግራሞች። ያ አፈር ላይ የወረደው ሁሉ አስኳሉ ውስጥ ይገባል።

ጋና አክራ ውስጥ አግቦግብሎሺ የሚባል የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ማቃጠያ ቦታ ነበር። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳለው እዚያ ስትጭር ከዋለች ዶሮ አንድ እንቁላል የበላ አዋቂ ሰው የቀን ገደቡን 220 ጊዜ ያልፋል። አንድ እንቁላል። ቆሼ ዙሪያ ያደገ ሰው ጭሱን ያውቀዋል፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ አጠገብ የተለቀቀች ዶሮ እንቁላል ለልጄ አልሰጥም።

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ጓሮ ውስጥ አራት አምስት ዶሮ የምታረቡ ብዙ ናችሁ። በ2021 አንትወርፕ አጠገብ ዝዋይንድሬክት ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች በፒፋስ ምክንያት የጓሮ እንቁላላቸውን እንዳይበሉ ተመክረዋል። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የኔዘርላንድስ የጤና ተቋም አርአይቪኤም በመላው አገሪቱ የጓሮ ዶሮ እንቁላል እንዳይበላ መከረ። የሱቅ እንቁላል ላይ ግን ችግሩ አልታየም። ዶሮዎቹ የሚለቅሙት ትል እንደ ዋና ምንጭ ተጠርጥሯል። እነሱ የሚመገቡት መኖ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሜዳው ራሱ ግን ሌላ መኖ ነው።

ታዲያ እንዝጋቸው? ግቢያችሁ ከገጠር ከሆነ፣ ቆሻሻ ተቃጥሎበት የማያውቅ፣ ጋራዥ ያልነበረበት መሬት ከሆነ ልቀቋቸው። ከተማ ከሆናችሁ፣ በተለይ ግቢው ውስጥ በፊት ምን እንደነበር ካላወቃችሁ፣ ዝጉና ጎመኑን ወደ እነሱ አምጡላቸው። መሐል ላይ ያለው አማራጭ የተከለለ ሜዳ ነው፦ የላይኛውን አፈር ቆርጦ ማውጣትና ከንጹሕ ቦታ የመጣ አፈር መሙላት። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው፤ ሁለት ጋሪ አፈር ፈጀ።

ቤቱን ስትዘጉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ አመድ። እናቴ ቅማል ይገድላል እያለች ለዶሮ አመድ ትነሰንስ ነበር፤ ጥሩ ልማድ ነው። እሷ ግን እሳት የምታያይዘው በጭራሮ ነበር። ዛሬ ከሰል በፌስታል ነው የሚያያዘው። ፕላስቲክ የነካው አመድ ለዶሮ አይሆንም፤ ዶሮዋ ትንከባለልበታለች፣ ከዚያም ትለቅመዋለች። ሁለተኛ ሰጋቱራ። ከጥሬ እንጨት የወጣ ከሆነ ይሁን። ከቺፕውድ፣ ከቀለም ቅብ ወይም ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት ከተቀባ እንጨት ከሆነ ጭድ አንጥፉላቸው።

ለገዢውስ?

አርቢ ያልሆናችሁ ደግሞ፦ እንቁላልና ወተት ከአንድ ቦታ ብቻ ዓመት ሙሉ አትግዙ፤ ሻጩን በደንብ ካላወቃችሁት በቀር። ጉበትና ኩላሊት በየሳምንቱ ባይሆን። ጮማ የምትወዱ ቀንሱ፣ መረቁ ሲበርድ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ግፈፉት። ዲዲቲም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው፤ በ2013 የታተመ ጥናት ከጅማ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ በተወሰደ የላም ወተትና የእናት ጡት ወተት ላይ አግኝቶታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በዚህ ላይ ትንሽ ብትጠነቀቅ ለልጇም ይተርፋል። ጡት ማጥባት ግን አይቆምም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው አጥቡ ነው።

ከተጠራጠራችሁ

ወተት በድንገት ከወረደ፣ እንቁላል መፈልፈል ካቆመ፣ መኖውን እምቢ ካሉ፣ መጀመሪያ የገባውን አዲስ ጆንያ አቁሙ። የእንስሳት ሐኪም አስመጡ፤ በሽታ ሊሆንም ይችላልና። ንጹሕ መኖ ከጀመሩ በኋላ በወተትና በእንቁላል ውስጥ ያለው ዳይኦክሲን በአንድና በሁለት ወር ግማሽ በግማሽ እየሆነ ይወርዳል፤ ስለዚህ በመሐል ያለውን አትሽጡ፣ ቂቤም አታድርጉት። ቂቤ ሲሆን ስቡ ይጠራቀማል፣ መርዙም አብሮ።

የዳይኦክሲን ምርመራ ውድ ነው፤ ቤልጂየሞችም ውጤት እስኪመጣላቸው ሳምንታት ጠብቀዋል። ሃልበርት የተሳካለት የሚመረመር መኖ በእጁ ስለነበረ ነው። እኔ ከእሱ የተማርኩት አንድ ሥራ አለ። አዲስ ጆንያ በከፈትኩ ቁጥር አንድ ጭብጥ እወስዳለሁ፣ ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ እከታለሁ፣ ቀኑን፣ የሻጩን ስምና ዋጋውን በፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ። መደርደሪያው ላይ አሁን 31 ጠርሙስ አለ። ስድስት ወር የሞላውን አውጥቼ እደፋለሁ፣ ጠርሙሱን አጥቤ ለሚቀጥለው ጆንያ አዘጋጃለሁ።